የጋሽ ኩሱሞቶ ትንፋሽ

ስልኩን ያነሳችው የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ናት። እኔ ታች ማእድ ቤት ለመቶ አርባ ሕፃናት የሚሆን ጎመን እያጠብኩ ነበር፤ ስልኬ እንደ ደንቡ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ተቆልፎበታል። ጸሐፊዋ ደረጃውን ወርዳ በሩ ላይ ቆመች። ያለ ኮፍያ መግባት ክልክል ስለሆነ ወደ ውስጥ አልዘለቀችም።

«አምለሰት፣ እጅሽን ጠራርጊና ነይ» አለችኝ።

ቧንቧውን ዘጋሁ። እጄን ጠረግኩ። የታጠበውን ጎመን ካልታጠበው ለይቼ አስቀመጥኩ። ለምን እንደዚያ እንዳደረግኩ አላውቅም፤ ካልለየሁት የሚተካኝ ሰው ሁሉንም እንደገና ያጥበዋል ብዬ ይሆናል። ከዚያ ወጣሁ፣ ነገረችኝ።

ባሌ ተኪኤ የጠዋት ሥራውን ጨርሶ ከስቱዲዮው ኮሪደር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ አልተነሳም። አምቡላንስ መጥቶ ወንዙ ዳር ወዳለው ሆስፒታል ወስዶታል፤ ሲደርስ ግን ሕይወቱ አልፎ ነበር። ዕድሜው ሃምሳ አንድ ነበር። ይህ የሆነው በየካቲት ወር አጋማሽ፣ ሐሙስ ቀን ነው።

ተኪኤ የድምፅ ተዋናይ ነበር። በሌላ አገር ቋንቋ የተሠራ ፊልም ሮም ሲመጣ ጣልያኖች ጽሑፍ አያነቡም፤ ሁሉን በራሳቸው ቋንቋ መስማት ይፈልጋሉ። ስለዚህ አንድ ሰው ማይክሮፎን ፊት ቆሞ በተዋናዩ ፈንታ በጣልያንኛ ይናገራል። ዶፒያጆ ይሉታል። ተኪኤ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ኖረበት፤ ከዚያ ውስጥ አሥራ ሁለቱን ዓመት የተናገረው በአንድ ጃፓናዊ አዛውንት ፈንታ ነው።

ይህን የምጽፈው በእኚህ አዛውንት ምክንያት ነው። ጠረጴዛዬ ላይ ከእሳቸው የመጣ ደብዳቤ አለ። የተጻፈው ለተኪኤ ነው፤ የደረሰው ግን እሱ ከተቀበረ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው። እሳቸው በሕይወት ያለ ይመስላቸዋል። የጠየቁት ነገር አለ፣ መልስም ይጠብቃሉ። ምን ብዬ እንደምመልስ ለማወቅ ነገሩን ከመጀመሪያው በተራ ማስቀመጥ አለብኝ።

ተኪኤ አስመራ ተወልዶ አዲስ አበባ ነው ያደገው። አባቱ የከባድ መኪና መካኒክ ነበሩ፤ እንደምንም ብለው ጣልያን ትምህርት ቤት አስገቡት። ቤት ውስጥ ትግርኛ፣ ሰፈር አማርኛ፣ ክፍል ውስጥ ጣልያንኛ ይናገር ነበር። በአሥራ ስምንት ዓመቱ አክስቱ ኣስገደት ሮም አስመጣችው። መጀመሪያ ያገኘው ሥራ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ምሕረትኣብ የሚባል ሰው በከፈተው ምግብ ቤት ሳህን ማጠብ ነበር።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ አንዲት ጣልያናዊት ገባችና «ድምፅ ፈልጌ ነው የመጣሁት» አለች።

«እንኳን ደህና መጣሽ» አላት ምሕረትኣብ፤ «እዚህ ቤት ሥጋው ሊያልቅ ይችላል እንጂ ድምፅ አልቆ አያውቅም።»

የፈለገችው ጫጫታ ነበር። በፊልም ላይ ብዙ ሕዝብ ሲንጫጫ የምንሰማው ለብቻው የሚቀረጽ ነው፤ አሥር አሥራ አምስት ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ቆሞ ይንጫጫል። ያን ቀን የሚቀረጸው በጥንት ዘመን አንድ ሕዝብ በንጉሡ ላይ ሲነሳ ነው። የሰው ስም አትጥሩ እንጂ በቋንቋችሁ የፈለጋችሁትን በሉ፣ ብቻ ተቆጡ ተባሉ። ምሕረትኣብ ማይክሮፎኑ ፊት ሲቆም ምን ብሎ እንደሚቆጣ ጠፋው። ተኪኤ በአማርኛ ጀመረለት።

«ትናንት ሽሮውን ያሳረረው ማነው?»

«እኔ አይደለሁም!»

«አንተ ነህ! ድስቱን ማን አጠበ? እኔ! ጥፍሬ እስኪነቀል!»

«ታዲያ ሥራህ ነው! ለምን ሌላ ሥራ አትፈልግም!»

ፊልሙ ሲኒማ ቤት ሲገባ ስምንት ሐበሻ ቲኬት ቆርጦ ገባ። ሕዝቡ የቤተ መንግሥቱን በር ሰብሮ «ሽሮውን ያሳረረው ማነው» እያለ ሲገባ፣ የኋላው መደዳ በሳቅ ሞተ። ጣልያኖቹ እየዞሩ ይገላምጧቸው ነበር አሉ።

እኔን ያገኘኝም በዚሁ በጫጫታ ነው። ያን ጊዜ ካስቴልኑቮ ዲ ፖርቶ፣ ከሮም ወጣ ብሎ ባለው የስደተኞች መቀበያ ነበርኩ። ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ በወጣ በሁለተኛው ሳምንት ተኪኤ ለፊልም ሴቶች ፈልጎ መጣ፤ ስድስት ሆነን ሄድን። አውቶቡስ እስኪመጣ ድረስ ፀሐይ ላይ አቁሞናል። ስቱዲዮ ስንገባ ዶናቴላ የምትባለው ዳይሬክተር «ገበያ ውስጥ ናችሁ፣ ተጣሉ» አለችን። ሌሎቹ ተጣሉ። እኔ አፌ አልከፈት አለ። ከማላውቀው ሰው ጋር በምን ልጣላ?

ተኪኤ መጥቶ ፊቴ ቆመ። «ከእኔ ጋር ተጣዪ።»

«ምን አድርገኸኝ?»

«ፀሐይ ላይ አላቆምኩሽም?»

እውነትም አቁሞኛል። «አንተ ሰው አይደለህም እንዴ!» አልኩት። «ጥላ ያለው ግንብ አጠገባችን እያለ! ይቺ ልጅ ራሷን ያማታል፣ ውሃ እንኳ አምጡ አትልም! ሰዓትህ ለጌጥ ነው?» የያዝኩትን ሁሉ አወጣሁት። ስጨርስ ዶናቴላ ከመቅረጫው ክፍል መስተዋት ጀርባ ታጨበጭባለች። ፊልሙ ላይ አንዲት ሴት ዓሣ ሻጭ ላይ ስትጮህ የሚሰማው የእኔ ድምፅ ነው። በዓመቱ ተጋባን። እሱ ካቶሊክ፣ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ሁለቱም ወገን ጥቂት አጉረመረመና ተወው። ሄርሞን ተወለደች፤ አሁን አሥራ አራት ዓመቷ ነው።

ተኪኤ ከጫጫታው ወጥቶ ትንንሽ ሰው መሆን ከጀመረ ቆይቶ ነበር። ፊልም ላይ ጥቁር ሰው ሲኖር ይጠሩታል፦ ሻንጣ ተሸካሚ፣ ዘበኛ፣ ወታደር፣ በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት የሚሞት። ጣልያንኛው እንደ ማንኛውም የሮም ልጅ ነው። ግን «ትንሽ ስበረው» ይሉታል፤ ይሰብረዋል። «ስሰብረው ኖሬ ጤነኛው የቱ እንደሆነ ጠፋኝ» ይለኝ ነበር። ሲያማርር ግን አልሰማሁም። ሸሚዙን ራሱ ተኩሶ፣ ከሰፈራችን ከቶርፒኛታራ በትንሹ ባቡር ተርሚኒ፣ ከዚያ በሜትሮ ስቱዲዮው ወዳለበት ሌፓንቶ ይሄዳል፤ ሰዓቱ ከመድረሱ ሩብ ሰዓት ቀድሞ ይገኛል። በዚያ በመጀመሪያው ቀን በአውቶቡሱ ምክንያት ከሰደብኩት ወዲህ አርፍዶ አያውቅም።

አንድ ቀን ዶናቴላ ጀርባዋን ለመስተዋቱ ሰጥታ ፖም ስትበላ ድምፅ ትሰማለች። «ይሄ ሽማግሌ ማነው?» ብላ ዞረች። ተኪኤ ነው፤ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። አንድ ሰው ስለቀረ የእሱን ጽሑፍ እንዲያነብ አድርገውት ነው። በማግስቱ ጎንሮኩን ሰጠችው።

ጎንሮኩ የጃፓን ተከታታይ ካርቱን ነው። ጃንጥላ እየጠገነ ከከተማ ወደ ከተማ የሚዞር ሽማግሌ፤ ጃንጥላውን የሰጠው ሰው ሁሉ አንድ ችግር አለበት፣ ጎንሮኩ ሽቦውን ሲያቃና ችግሩን ይሰማል። በየክፍሉ መጨረሻ ቀና ብሎ ያይና «ሰማዩ ዛሬም ሐሳቡን ቀየረ፣ እኛም መንገዳችንን እንቀይር» ይላል። የጣልያን ልጆች ሁሉ ይህን ንግግር ያውቁታል። እኔ የምሠራበት ትምህርት ቤት አንድ ልጅ በጎንሮኩ ድምፅ ሁለተኛ ሳህን ፓስታ ጠየቀኝ። «ከአፍንጫህ አይደለም፣ ከሆድህ አውጣው» አልኩት። ሞክሮ አስተካከለው፤ ጨመርኩለት። በማን ባል ድምፅ እየለመነ እንደሆነ አልነገርኩትም።

በዚህ ሥራ ሰው ልብ የማይለው ትንፋሹን ነው። ተዋናዩ ጽሑፉን ፊቱ አድርጎ ይቆማል፤ ዓይኑ የካርቱኑን አፍ ይከተላል፤ በአንድ ጆሮው ዋናውን የጃፓን ድምፅ ያዳምጣል። ያኛው አየር ሲስብ ይስባል፣ ሲያስወጣ ያስወጣል፤ አለዚያ አፉ ሌላ፣ ደረቱ ሌላ ይሆናል። «ቃሉን አስተርጓሚ ይሰጥሃል» ይል ነበር ተኪኤ፤ «ትንፋሹን ግን ከባለቤቱ ነው የምትቀበለው።»

ባለቤቱ ኩሱሞቶ ኢሳቡሮ ይባላሉ። ተኪኤ በአካል አላያቸውም፤ ፎቶግራፋቸውን እንኳ ያየው አንዴ ነው። ቤታችን ውስጥ ግን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ጋሽ ኩሱሞቶ ነበሩ። ታሪካቸውን የነገረችን የካርቱኑን ጽሑፍ የምትተረጉመው ሲኞራ ሚዮኮ ናት። እሷም ሰባ ዓመት አልፏታል፤ ጣልያን አግብታ ከፒያሳ ቪቶሪዮ ጀርባ ስትኖር አርባ ዓመቷ ነው።

ጋሽ ኩሱሞቶ የተወለዱት ባሕር ዳርቻ ካለች ትንሽ ከተማ ነው፤ አባታቸው የዓሣ መረብ ይሠሩ ነበር። ወጣት ሳሉ ባቡር ጣቢያ ተቀጥረው ባቡር ሲመጣና ሲሄድ በድምፅ ማጉያ ይናገሩ ነበር። ዘጠኝ ዓመት እንደዚህ ሠሩ። የሬዲዮ ድራማ የሚያዘጋጅ አንድ መንገደኛ ድምፃቸውን ሰምቶ ባቡሩን አሳልፎ ፈለጋቸው። ከዚያ በኋላ ሬዲዮ፣ ከዚያ ካርቱን። እዚያም ጀማሪ የሚጀምረው በጫጫታ ነውና እሳቸውም ብዙ ዓመት ጫጫታ ነበሩ። ውሻ ሆነዋል፣ ሚኒስትር ሆነዋል፣ አንድ ጊዜ የሚናገር ማንቆርቆሪያ ሆነዋል። ዋና ሰው የሆኑት በስድሳ ስድስት ዓመታቸው፣ በጎንሮኩ ነው።

ተኪኤ ይህን ሲሰማ «ተመልከቺ፣ እሳቸውም ሽሮ ሲያሳርሩ ኖረዋል» አለኝ።

በስድስተኛው ዓመት ላይ፣ እራት እየበላን፣ «ዛሬ ጋሽ ኩሱሞቶ አልቅሰው ነው የመጡት» አለ።

«ጎንሮኩ አለቀሰ?»

«ጎንሮኩማ ይስቃል። እሳቸው ናቸው። ከሳቁ በፊት አፍንጫቸውን ሳቡ፤ ሁለት ጊዜ።»

ከጥቂት ወራት በኋላ ሲኞራ ሚዮኮ ያ ክፍል በተቀረጸበት ሳምንት ሚስታቸው እንደሞተች ሰማች። ከዚያ ወዲህ ተኪኤ ስለ ጋሽ ኩሱሞቶ የሚለውን አልጠራጠርም ነበር። ይህን የምጠቅሰው በኋላ ለሆነው ነገር ምክንያት ስለሆነ ነው።

ባለፈው ዓመት መጋቢት ላይ ከሥራ መጣና ጃኬቱን ሳያወልቅ ወንበር ላይ ተቀመጠ። «ጋሽ ኩሱሞቶ ታመዋል» አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። «ሰማዩ ዛሬም ሐሳቡን ቀየረ፣ እኛም መንገዳችንን እንቀይር» የሚለውን አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ትንፋሽ ነበር የሚሉት። አሁን መሃሉ ላይ ትንሽ አየር ይሰርቃሉ። አንዱ ቃል ሲያልቅ ጉሮሯቸውን የጠረጉ አስመስለው ይስባሉ። ቀድሞ ያመለጠው መስሎት የድሮዎቹን ክፍሎች አስከፍቶ አዳመጠ። ድሮ የለም።

«ታዲያ ጻፍላቸው» አልኩት።

«ምን ብዬ? ማን ነኝ ብዬ? አገራቸው ሐኪም ሞልቷል።»

«ሐኪሙ ጎንሮኩን አያይም ይሆናላ።»

እሑድ ሲኞራ ሚዮኮን ጠራናት። ምስር ሠርቼ ነበር፤ ትወዳለች። ተኪኤ ነገሩን ሲያስረዳ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ተኪኤ፣ የማያውቁትን ሰው ታመዋል ብሎ መጻፍ በእኛ ዘንድ ከባድ ነው።»

«በእኛም ዘንድ ከባድ ነው፣ ሲኞራ። ለዚህ እኮ ነው በቀጥታ የማንናገረው። እንዴት ነዎት እንላለን፤ ደህና ይላሉ። ደህና ነዎት ወይ እንላለን፤ ደህና ይላሉ። ጤናዎ እንዴት ነው፣ እንዴት ሰነበቱ፣ ኧረ እንዴት ነዎት፤ አሥር ጊዜ። መጨረሻ ላይ ይደክማቸውና እውነቱን ይናገራሉ።»

«አሥር ጊዜ!» ሲኞራ ሚዮኮ ሳቀች። «አሥር ጊዜ ብጽፍላቸው ሐኪም ሳይሆን ፖሊስ ነው የሚጠሩት።»

«እሺ፣ ስንት ይሁን?»

«አንድ።»

«አንድማ ሰላምታ ነው። አምስት።»

በአራት ተስማሙ። ደብዳቤው እንዴት ነዎት፣ እንዴት ነዎት ብሎ አራት ጊዜ ጀመረ። ተኪኤ ማን እንደሆነ ገለጸ፤ በጆሮው እሳቸውን ይዞ አሥራ ሁለት ዓመት ሊሞላው መሆኑን ነገራቸው። «አየር የሚሰርቁበትን ቦታ አሳምረው ስለሚደብቁት እዚያ ያሉት ላይሰሙት ይችላሉ። እኔ ግን እርስዎ ሲሰርቁ አብሬ መስረቅ ስላለብኝ ሰማሁት። እባክዎ ልብዎን ይታዩ» አለ። ሲኞራ ሚዮኮ በጃፓንኛ ጽፋ፣ ተኪኤ በእጁ ፈርሞ፣ ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ላከው።

መልስ አልመጣም። ሠኔ አለፈ፣ ነሐሴ አለፈ። ክፍሎቹ ሮም የሚደርሱት ከተቀረጹ ከአራት ወር በኋላ ስለሆነ የሚሰማው ሁሉ ያለፈ ነገር ነው፤ ደብዳቤው ይድረስ አይድረስ ከድምፁ ማወቅ አይችልም። ትንፋሻቸው እያጠረ መሄዱን ብቻ ያውቃል። «ዛሬ ሦስት ቦታ ሰረቁ» ይለኛል። «ዛሬ አምስት።» እሱም በየቦታው አብሮ ይሰርቃል።

የእኛ ቤት አራተኛ ፎቅ ነው፣ አሳንሰር የለውም። ጎንሮኩ ሁልጊዜ ዳገት ስለሚወጣ ተኪኤ ማለክለኩን የሚለማመደው ደረጃው ላይ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት እንደዚያ ነው የወጣው፤ ጎረቤቱ ሁሉ ለምዶታል። እኔ ማእድ ቤት ሆኜ ከትንፋሹ ስንተኛ ፎቅ እንደደረሰ አውቃለሁ፤ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ፓስታውን ውሃ ውስጥ እጨምራለሁ። በእኛ ቤት የሰው ማለክለክ ሥራ ነበር።

በጥቅምት ሁለተኛው ፎቅ ላይ መቆም ጀመረ። ፓስታው ተንጠፍጥፎ ይቀዘቅዛል። በሩን ከፍቼ፣ «ጎንሮኩን እዚያው ተወውና አንተ ና!» እላለሁ።

«ጎንሮኩማ ቀድሞኝ ገብቷል» ይላል ከታች፤ «ያልመጣሁት እኔ ነኝ።»

እስቃለሁ። ሄርሞን አንድ ጊዜ «ፓፓ፣ ስታይ ቤኔ?» አለችው፤ ደህና ነህ ወይ ማለቷ ነው። «እኔ አይደለሁም፣ ጋሽ ኩሱሞቶ ናቸው» አላት። ትከሻዋን ሰብቃ ወደ ስልኳ ተመለሰች። በታኅሣሥ በሁለት ትራስ መተኛት ጀመረ። ጫማው ጠበበው፤ ዝናብ መትቶት ቆዳው ተኮማትሮ ነው አለ። እኔም አመንኩት። እርጥብ ጋዜጣ ጠቅጥቄ፣ ምድጃው አጠገብ አድርጌ አሰፋሁለት። ጥሩ ሰፍቶ ነበር። ስቱዲዮ ውስጥ ዶናቴላ «እንደ ዘንድሮ ትንፋሹን ይዘኸው አታውቅም» አለችው፤ ደስ ብሎት ነገረኝ።

የሞተ ቀን ሆስፒታል ውስጥ ያነጋገረኝ ሐኪም ወጣት ነው። የልብ ድካም ነው፣ ቢያንስ ዓመት ሳይሞላው አይቀርም አለኝ።

«ትንፋሽ አያጥረውም ነበር?»

«ያጥረዋል።»

«እግሩስ? አያብጥም?»

«ጫማው ጠቦት ነበር።»

«ታዲያ ሐኪም ዘንድ አልሄደም?»

«ሥራው መስሎን ነው» አልኩት። አልገባውም። ላስረዳው ጀምሬ ተውኩት።

ፕሪማ ፖርታ መቃብር ቀበርነው። የጫጫታዎቹ ሰዎች ሁሉ መጥተው ነበር፤ አንዳንዶቹን አሥር ዓመት አላየኋቸውም። ምሕረትኣብ ትከሻዬን ይዞ ቆመ። «ዛሬ ምን ብለን እንደምንጮህ አልነገረንም» አለ።

ደብዳቤው በዘጠነኛው ቀን መጣ። ሲኞራ ሚዮኮ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ አነበበችልኝ፤ ሄርሞን ቆማ ታዳምጣለች።

ጋሽ ኩሱሞቶ የተኪኤ ደብዳቤ ሲደርሳቸው ተቆጥተው እንደነበር ጽፈዋል። ሁለት ወር መሳቢያ ውስጥ አስቀመጡት። ከዚያ የራሳቸውን ድምፅ አስከፍተው፣ የተባለው ቦታ ላይ አዳመጡ። ሲሰርቁ ሰሙ። ሐኪም ዘንድ ሄዱ፤ አንደኛው የልባቸው በር በደንብ አይዘጋም ኖሯል። በጥቅምት ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ሐኪሙ ባይታከሙ ኖሮ ሌላ ክረምት አይጨምሩም ነበር ብሏቸዋል። በጥር ወደ ማይክሮፎኑ ተመልሰዋል። «ክፍል ሁለት መቶ ስድስት ከዚያ በኋላ የተቀረጸ ነው» ይላሉ። «ሲደርስዎ እባክዎ ትንፋሼን ያድምጡልኝ። እዚህ ሁሉም ጥሩ ነው ይሉኛል፤ ያኔም ጥሩ ነው ይሉኝ ነበር። እርስዎ ካላሉኝ አላምንም።»

መጨረሻው ላይ ሲኞራ ሚዮኮ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች።

«እርስዎስ እንዴት ነዎት?» ብላ አነበበች። «እንዴት ነዎት? እንዴት ነዎት? እንዴት ነዎት?»

አራት ጊዜ ነው የጻፉት።

ከዚያ ወዲህ ስለ መልሱ ብዙ ተነግሮኛል። ዶናቴላ «እንግዲህ፣ ስቱዲዮው ይጻፍላቸው። ድምፁ ደህና ነው እንበልና እንለፈው፤ ልባቸው ገና የተሰፋ ሰው ናቸው» አለች። ሲኞራ ሚዮኮ ሞትን መደበቅ ነውር ነው፣ ግን በምን ሞተ ለሚለው የልብ በሽታ ብሎ መመለስ አያስፈልግም አለች። ሄርሞን በጣልያንኛ ጮኸችብን፦ «አራት ጊዜ እኮ ጠይቀዋል! ፓፓ ራሱ ነው ያስተማራቸው! አራት ጊዜ የጠየቀ ሰው እውነቱ ይነገረዋል!» ልጄ ልክ ናት። ችግሩ እውነቱ ሁለት መሆኑ ነው። ተኪኤ ሞተ ማለት አንድ ነው። የእርስዎን ትንፋሽ ሲያዳምጥ፣ እኛ ደግሞ የእሱ ትንፋሽ ማጠር የእርስዎ መስሎን፣ ሐኪም ሳያየው ሞተ ማለት ሌላ ነው። የመጀመሪያውን ብቻ ብጽፍ በምን ብለው ይጠይቃሉ። ሁለተኛውን ብጽፍ በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው የማይገባቸውን ይሸከማሉ። ባልጽፍ ደግሞ ተቀምጠው ይጠብቃሉ።

ክፍል ሁለት መቶ ስድስት ግንቦት ላይ ደረሰ። ዶናቴላ ደወለችልኝ፤ የሥራ ልብሴን እንኳ ሳልቀይር ሄድኩ። ተኪኤ ይቆምበት የነበረው ቦታ አቆመችኝና ማዳመጫውን በአንድ ጆሮዬ አደረገችልኝ። ኮሪደሩ ላይ ያለውን ወንበር ስገባም ስወጣም አላየሁትም። የጎንሮኩን አዲስ ድምፅ ገና አልመረጡም፤ አራት ክፍል ያለ ጣልያንኛ ተቀምጧል።

እኔ የተኪኤ ጆሮ የለኝም። ግን አሥራ ሁለት ዓመት የሰው ትንፋሽ እየሰማሁ ፓስታ የቀቀልኩ ሰው ነኝ። ጎንሮኩ ጃንጥላውን ጠገነ፣ ዳገቱን ወጣ፣ ቀና አለ። ጋሽ ኩሱሞቶ አንድ ጊዜ ሳቡ፤ ሰማዩ ዛሬም ሐሳቡን ቀየረ፣ እኛም መንገዳችንን እንቀይር። መሃሉ ላይ ምንም የለም። ሦስት ጊዜ አስደገምኩት። ምንም የለም።

ቤት ተመልሼ ወረቀት አወጣሁ። በአማርኛ ነው የምጽፈው፤ ሄርሞን ወደ ጣልያንኛ ትተረጉመዋለች፣ ሲኞራ ሚዮኮ በጃፓንኛ ታዘጋጀዋለች። «ይድረስ ለጋሽ ኩሱሞቶ» ብያለሁ። «ትንፋሽዎ ደህና ነው፤ ራሴ አዳምጬዋለሁ» ብያለሁ። እንዴት ነዎት ላሉት ለአራቱ ግን እስከ ዛሬ የጻፍኩት መልስ የለም።